ሦስት ከአሥር

ያርጋልን የገደለው ጥይት ከማን ጠመንጃ እንደወጣ ደባርቅ ሁሉ ያውቃል። ሰዓቱንና ቦታውን ማን እንዳስረዳ የሚያውቁት ግን ጥቂት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ያስረዳሁት እኔ ነኝና። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስሜም ሕሩይ ይባላል።

ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን ማንም ይመሰክራል። አባቴ የኔታ ኪዳነ ማርያም ዳባት ላይ ዳዊት ሲያስደግሙን አንዲት ፊደል የገደፈ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይወጣዋል እንጂ አይታለፍም ነበር። ከሳቸው የወረስሁት ይህንኑ ነው። ድፍንፍን ያለ ነገር አልወድም። የተማሪ ዐረፍተ ነገር ማን፣ መቼ፣ የት ብሎ ጥርት ካላለ ደሜ ይፈላል።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ሲምፕል ፕረዘንት የሚባለውን ቴንስ ጀመርን። ሰው ዘወትር የሚያደርገው ነገር የሚነገርበት ነው፤ ይነሣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። መጽሐፉ ላይ ጆን የሚባል አንድ ፈረንጅ አለ። ጆን በየቀኑ በአሥር ሰዓት ቴኒስ ይጫወታል። ለመሆኑ ደባርቅ ላይ ቴኒስ ያየ ማን አለ? ልጆቹ የሚጫወቱት ይሁን የሚበሉት ሳያውቁ ይሸመድዱታል። እኔ ደግሞ ሽምደዳ ስሰማ ያመኛል።

«ጆንን ተዉት» አልኋቸው። «የአባታችሁን የቀን ውሎ ጽፋችሁ ኑ። አባት የሌለው የእናቱን። በስንት ሰዓት ምን ያደርጋል? እውነት ብቻ። የፈጠራችሁ እንደሆነ አውቅባችኋለሁ።»

በዚህ ዘዴዬ እኮራ ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች ከመጽሐፉ ሲገለብጡ እኔ ከልጆቹ ቤት አስተምራለሁ ብዬ ሻይ ቤት እደሰኩር ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ።

ደርቤ ያርጋል የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከአንደኛና ከሁለተኛ ወርዳ አታውቅም፤ ስትናገር ግን ጆሮ ካላቀረቡላት አትሰማም። አባቷ የጃናሞራ ሰው ነው፤ በበቅሎ የቱሪስት ጓዝ እየጫነ ወደ ተራራው ይወጣል። እኔ ያን ጊዜ ስለሱ የማውቀው ይህን ያህል ነበር።

ያላወቅሁትን ልንገራችሁ። ያርጋል ደም ነበረበት። በሰማንያ ስምንት በግጦሽ ድንበር ከጎረቤቱ ከይግዛው ጋር ተጣልቶ ገደለው። ሰባት ዓመት ጎንደር ታሰረ፤ ሚስቱ እሱ እስር ቤት ሳለ ሞተች፤ ደርቤን አክስቷ ወለተ ሥላሴ ዳባት ወስዳ አሳደገቻት። ሲፈታ ሽማግሌ ተላከ፣ ታቦት ቆመ፣ ካህናቱ ለመኑ። የይግዛው ታናሽ ወንድም ሀብተ ሚካኤል ግን እርቅ አልቀበልም አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ያርጋል ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ልጁን ከዳባት ወስዶ ደባርቅ ቤት ተከራየ።

እዚያ ሦስት ዓመት ያህል በሕይወት የኖረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልማድ አልነበረውም። ዛሬ ማልዶ ከወጣ ነገ ረፋዱ ላይ ይወጣል። በሄደበት መንገድ አይመለስም። አንዱን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰንበት አከታትሎ አይስምም። ሀብተ ሚካኤል ደመኛው ደባርቅ እንዳለ ያውቃል፤ ሦስት አራት ጊዜ መጥቶም ነበር አሉ። የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጠብቀው ግን አላወቀም፤ ባዶ እጁን እየተመለሰ ኖረ።

እንግዲህ ደርቤ ያመጣችልኝ ወረቀት ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን በአማርኛ ልበለው። «አባቴ ሰዓት የለውም። አንዳንድ ቀን በጠዋት ይወጣል፤ አንዳንድ ቀን አይወጣም። በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አይሄድም። ለበር ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም። የት እንደሚሄድ አይናገርም።»

ሳነብ ተናደድሁ። ጎበዝ ተማሪዬ አላገጠችብኝ አልሁ። በቀይ እስክርቢቶ ሦስት ከአሥር ሰጠሁና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «ይህ የቀን ውሎ አይደለም። ሰዓቱ የት አለ? ቦታው የት አለ?»

በዕረፍት ሰዓት አስተማሪዎች ክፍል ድረስ መጣች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ እውነት ጻፉ ብለውን ነው እኮ። እውነቱ ይኸው ነው» አለችኝ።

«ሰዓት የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አልኋት። «አባትሽ ነፋስ ነው? ማንም ሰው በየቀኑ የሚያደርገው አንድ ነገር አያጣም። እሱን ፈልገሽ ጻፊ። እስከዚያ ሦስት ናት።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለማርክ ነው የምታለቅሰው ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ለትምህርት የሚያለቅስ ተማሪ ብርቅ ነውና። ዛሬ ያን ደስታዬን ሳስበው ራሴን እጠየፋለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ወረቀት አመጣች። በቃሌ ነው የማውቀው፤ አባቴ ካስደገሙኝ ዳዊት ይልቅ ይቺ አትረሳኝም። «አባቴ በየቀኑ ይጠብቀኛል። እኔ ከትምህርት ቤት በአሥራ አንድ ተኩል እወጣለሁ። እሱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ከድንጋይ ክምሩ አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ እኔ አላየውም፤ እሱ ያየኛል። ከዚያ ያፏጫል። ቦርሳዬን ይሸከማል፤ እጄን ይይዛል። ጠመንጃውን ቤት ይተወዋል፤ ምክንያቱም እኔ ጠመንጃ እፈራለሁ። ተራራ ካልወጣ በቀር ቀርቶ አያውቅም።»

ምን ልበላችሁ፣ ሆዴ ባባ። አንድ ግሥ አልተሳሳተችም። ያን ጊዜ ያላስተዋልሁት፣ ያ ሰዓት የሌለው ሰው የነበረችው አንዲት ሰዓት ልጁ መሆኗን ነው። ሰዓቷን የቆረጥንለትም እኛው ነን፤ የኛው ደወል። አሥር ከአሥር ሰጥቼ ክፍሉ ፊት ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ አስጨበጨብሁላት። አንገቷን ደፍታ ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ልለጥፈው ስነሣ ቀረብ ብላ «ቲቸር፣ አይለጠፍ» አለችኝ በዚያ በማይሰማ ድምጿ።

«ለምን? ሌሎቹ ይማሩበት እንጂ» አልሁ። ዓይናፋርነት መሰለኝ። እሷም ሁለተኛ አልተናገረችም፤ አስተማሪ ከተናገረ በኋላ የምትመልስ ልጅ አይደለችም። በአራት እስፒል ወጥሬ ሰካሁት።

ከኋላ ወንበር እንዳለው የሚባል ልጅ ይቀመጥ ነበር። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ገጠር ዘግይቶ የጀመረ፣ ደባርቅ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር። እስከዚያ ቀን ድረስ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጽፎ አላሳየኝም። የይግዛው የእህት ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደርቤም አላወቀችውም፤ ጃናሞራን የለቀቀችው በአራት ዓመቷ ነው፤ የክፍል መዝገቡ ደግሞ የአባትን ስም እንጂ የአጎትን አይጽፍም። እሱ ግን ያርጋል የሚለውን ስም ወረቀቱ ራስ ላይ አንብቧል። ደባርቅ የመጣው ለትምህርት ይሁን ለሌላ ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍል ስገባ እንዳለው ብቻውን ከወረቀቱ ፊት ቆሞ ፊደል በፊደል ይገለብጣል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ልጆቹ ሲሰበሰቡ አስነሣሁትና «እዩት፤ ሰው እንዲህ ነው የሚለወጠው» አልኋቸው። ደርቤን ሳይቀር አስጨበጨብኋት።

በማግስቱ ደብተሩን ይዞ አስተማሪዎች ክፍል መጣ። ከበሩ ላይ እጅ ነሣ። ጣቱን ቃል በቃል እያስሄደ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ክምር። የድንጋይ ክምር።»

«ይቺስ?»

«ማፏጨት።» እኔው አፏጭቼ አሳየሁት፤ አጠገቤ የነበሩት አስተማሪዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ይቺ ከጀርባ ናት?»

«ከጀርባ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ጎበዝ።»

ስለ ጠመንጃው የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ። «ቤት ይተወዋል ነው የሚለው ወይስ ቤት አለው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ አሞገስሁት። «ይተወዋል። ይዞት አይወጣም ማለት ነው» አልሁና ግሡን ከነ ተቃራኒው አስረዳሁት።

በመጨረሻ ይህን ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ኤቭሪዴይ ሲል ዛሬም ነው? ነገም ነው?»

«ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም» አልሁት። «የዚህ ቴንስ ጠባዩ ይህ ነው፤ አይለዋወጥም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ደብተሩን አጠፈ። እኔ ደግሞ አልበቃኝ ብሎ ከመሳቢያዬ የራሴን መዝገበ ቃላት አውጥቼ «ያዘው፤ ያንተ ነው» አልሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አጎቱ ቤት ይዞት ሄዷል መሰለኝ፤ አልተመለሰልኝም።

የዳባት ልጅ ነኝ። ደም ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የሟች ደም ያለበት ልብስ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ እናት ለልጇ እያወጣች ስታሳየው ሰምቼ አድጌያለሁ። ያ ሁሉ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። እውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ሞኝ ነበርሁ፤ የተማረ ሞኝ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል።

ኅዳር ዐሥራ አምስት፣ ሐሙስ ቀን ነው። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ወጥተዋል። ጉም ከሊማሊሞ በኩል እየወጣ ሜዳውን ይዞታል። እኔ ቀርቼ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። አንድ ጥይት ተተኮሰ። እኛ አገር ጥይት ለለቅሶም ይተኮሳል፣ ለሠርግም ይተኮሳል፤ ቀና አላልሁም። ሁለተኛ አልተተኮሰም። ትንሽ ቆይቶ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ቀና ያልሁት፤ ወፍጮው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳይሆን ቆሞ አያውቅም።

ወፍጮ የሚለው ቃል፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ባሕር ዛፍ እያለ መጣብኝ። ሮጥሁ። እየሮጥሁም «አይሆንም፣ አይሆንም» እያልሁ ነበር።

ያርጋል ከድንጋይ ክምሩ አጠገብ በጎኑ ወድቋል። አጠገቡ ስደርስ እስትንፋሱ አልነበረም። ደርቤ ጋቢውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ቁጢጥ ብላለች። አታለቅስም። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ከብበዋታል፤ ማንም የሚነካት የለም። እኔን ስታይ፣

«ቲቸር፣ አፏጭቶልኝ ነበር እኮ» አለችኝ። «ዛሬም አፏጭቶልኝ ነበር።»

ሀብተ ሚካኤል በዚያው ጉም ውስጥ ወርዶ በሊማሊሞ በኩል ቆላ ገባ። እንዳለውም አብሮት ሄደ፤ ክፍል ተመልሶ አልመጣም። ያን ሌሊት ሀብተ ሚካኤል ቤት እናቱ እልል አለች አሉ። አልፈርድባትም። ዐሥር ዓመት ስታለቅስ የኖረች ሴት ናት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቅዳሜ ዕለት ፖሊሶች መጡ። የእንዳለውን ደብተር ከዘመዶቹ ቤት አግኝተዋል። ግልባጩ በሱ እጅ፣ ትርጉሙ በየቃሉ ራስ ላይ በአማርኛ ተጽፏል። ከግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነሡና «ይህን ተርጉምልን» አሉኝ። ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው። ይህንኑ ስተረጉም ሁለተኛዬ ነው።

«ልጁ እንግሊዝኛ አይችልም ይላሉ። ማን ተረጎመለት?» አለ መርማሪው።

«እኔ።»

እስክርቢቶውን አቁሞ አየኝ። «አውቀህ ነው?»

«አላወቅሁም። ግን እኔ ነኝ።»

ጻፈው። ከሳምንት በኋላ ጠርተው በኔ በኩል ወንጀል እንደሌለ ነገሩኝ፤ «አስተማሪ ነህ፤ ሥራህን ነው የሠራኸው» አሉኝ። የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ሩፋኤልም ሰግደህ ጹም አሉኝ እንጂ እንደ ነፍሰ ገዳይ አልቆጠሩኝም። ሁሉም ማረኝ። ሰው ሲምርህ ማበድ ያለ አይመስላችሁም፤ አለ። ቢያስሩኝ እመርጥ ነበር። ማታ ማታ ያን ሥራዬን እየቆጠርሁ አድራለሁ፤ ሦስት ሰጠሁ፣ አስጻፍሁ፣ ለጠፍሁ፣ ተረጎምሁ። ከአራቱ አንዱ ቢቀር ሰውየው ዛሬም ያፏጫል።

ደርቤ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ለአርባው ተዝካር ሄጄ ከበሩ ተመለስሁ፤ አባቷን ለቀበሩ ሰዎች ፊቴን ማሳየት አቃተኝ። በነጋታው እሷው መጣች። አክስቷ ወለተ ሥላሴ ወደ ዳባት ልትወስዳት ነው፤ ከግቢው በር ላይ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ደርቤም ጥቁር ለብሳለች። ፀጉሯን ተላጭታለች።

አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ተነሣሁላት። ልናገር የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ አርባ ቀን ሙሉ ስደግመው ከርሜያለሁ። «ደርቤ፣ ያን ወረቀት ለእንዳለው የተረጎምሁለት እኔ ነኝ» ከማለቴ፣

«ፖሊሶቹ ነግረውናል» አለችኝ።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። ያቺ የመጀመሪያዋ ናት። በቀዩ የጻፍሁት ከነሰረዙ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና አስተካከለችው።

«ቲቸር፣ ስሕተቷ የት ላይ ነበር?»

አነበብሁት። አባቴ ሰዓት የለውም። በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ አይሄድም። የት እንደሚሄድ አይናገርም። አንድ ጊዜ አንብቤ እንደገና አነበብሁት። ግሡን አየሁ፣ አሉታውን አየሁ፣ ነጥቡን ሳይቀር አየሁ። አባቴ የኔታ ቢሆኑ እንኳ ግድፈት አያገኙባትም።

«ስሕተት የላትም» አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች። የምታውቀውን እንደሰማች ሁሉ አልገረማትም።

«ሦስት ያገኘሁ ቀን ማታ አልቅሼ ነበር» አለችኝ። «አባቴ ምን ሆንሽ አለኝ። ስለ አንተ ጽፌ ወደቅሁ አልሁት። ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ግን ተቀብሎ ቀዩን አየው። ምን ጎደለው አሉሽ አለኝ። ሰዓትና ቦታ አልሁት። እንግዲያስ ወፍጮ ቤቱ ጋ እንደምጠብቅሽ ጻፊላቸው አለኝ። እፈራለሁ አልሁት። በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ፣ ማን ያውቀዋል አለኝ። ሦስት ይዘሽ ከምታለቅሺ ይሻላል አለኝ።»

አለቀስሁ። ተማሪዬ ፊት፣ ቁጡው ሕሩይ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እሷ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ያርሙልኝ» አለችኝ፤ እንባዬን ስጠርግ።

ቀዩን እስክርቢቶ አንሥቼ ሦስቷን ሰረዝሁና አሥር አልሁ። ዜሮዋ አልገጠመችልኝም። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ለኔ እጅ ነሥታ ወጣች። ከአክስቷ ጋር ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ቦርሳዋን ራሷ ነበረች የተሸከመችው።

አሁንም ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጥቅምት ሲመጣ ያን ቴንስ አስተምራለሁ። አንዳንድ ልጅ «ቲቸር፣ የአባታችንን እንጻፍ?» ይለኛል፤ ከታላላቆቹ ሰምቶ ይሆናል። «መጽሐፉን ግለጥ» እለዋለሁ። ጆን በየቀኑ በአሥር ሰዓት ቴኒስ ይጫወታል። በአንድ ድምፅ አስደግማቸዋለሁ፤ ይሸመድዱታል። ይጫወት ጆን። እሱን የሚፈልገው ሰው የለም።